በሁለተኛው ስሜ የመሰከርኩት

ለታላቅ እህቴ፣ ከእናታችን እጅ ተቀብለሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ያ የግራ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ቅባቱ ፈየደልሽ? ዓይንሽስ? አዲሱ መነጽር አፍንጫዬን ይጫነኛል ብለሽኝ ነበርና ተላመድሽው ወይ? የባልሽ ሳል ለቀቀው? ልጅሽ፣ አማችሽ፣ ያቺ ከጠረጴዛ ሥር የማትጠፋው የልጅ ልጅሽ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። በአካል ያልኩት አውቄ ነው፤ የቀረውን እያነበብሽ ትደርሽበታለሽ።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ይህ ወረቀት ምን ሊሆን መጣ ብለሽ መደንገጥሽ አይቀርም። አትደንግጪ። የሞተ የለም፣ የታመመም የለም። ነገሩ ምን መሰለሽ፣ እናንተ ቤት ስልኩ ሁልጊዜ ላውድ ላይ ነው። አንቺን ስጠይቅ ባልሽ ከሶፋው ይመልሳል፣ ልጅሽ ከኩሽና ትጨምርበታለች። በሌላ ጊዜ ደስ ይለኛል፤ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ይሰማኛል። ይህን ግን ለአራት ሰው በአንድ ጊዜ የምናዘዝበት አንደበት የለኝም። ስለዚህ መነጽርሽን አድርገሽ መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። ከዚያ ለእነሱ ማንበብሽም መተውሽም በአንቺ ፈቃድ ነው።

ሥራዬ ያው ነው። የስፌት ቤቱ ከትልቅ ሕንጻ ምድር ቤት መሆኑን ነግሬሻለሁ። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ስለሆኑ ከውጭው ዓለም የምናየው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ ነው። ሠላሳ ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ ሠላሳ ሁለቱም በየተራ ያማቸዋል፣ እኔም በየተራ አስታምማቸዋለሁ። ከሥራ ስወጣ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለችው ክፍሌ ነው። አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለ። ሁለተኛው ወንበር ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ልብስ መደርደሪያ ሆኗል።

ከእኛ ጋር ካውያ የምትተኩስ አንዲት ሴት አለች። ልጇ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት እናቷን ልትወስድ መጥታ፣ እኔ አንዱን መኪና በታትኜ መልሼ ስገጥም ቆማ አየችኝና፣ ጋሼ ይህ እጅዎ የሚያውቀው ነገር ከእርስዎ ጋር ሊቀር ነው ወይ አለችኝ። በኢንተርኔት ላይ ልብስ ሰፊዎችና መካኒኮች ከየአገሩ ሆነው በጋራ የሚጽፉት የሙያ መጽሐፍ እንዳለ፣ እሷም አስተባባሪዋ እንደሆነች የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። አንዱ ያወቀውን ይጽፋል፣ ሌላው ያርመዋል። ካልተስማሙ ይወያያሉ። አንድ ሐሳብ ካቀረበው ሰው ሌላ ሁለት ሰው ከደገፈውና ተቃዋሚ ከሌለው መጽሐፉ ውስጥ ይገባል። ደሞዝ የለው፣ አለቃ የለው።

እዚያ በእውነተኛ ስማችን አይደለም የምንጠራራው፤ ሁሉም ለራሱ መለያ ስም ያወጣል። አባታችንን ሰፈሩ ሁሉ ካቻቢቴ ይለው የነበረው ትዝ ይልሻል? የስፌት መኪና ጠጋኝ ስለነበረ ካቻቢቴው ከደረት ኪሱ አይለይም ነበር። እኔም የካቻቢቴ ልጅ ብዬ ገባሁ። እትዬ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግርሽም። ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በዕድሜዬ ማንም ቃሌን ጽፎ ይዞልኝ አያውቅም። እዚያ ግን ዲግሪ ያለው ሰው ሳይቀር መምህር እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። ከሥራ መልስ ልብሱን አንስቼ ያንን ሁለተኛ ወንበር አስጠግቼ እግሬን እሰቅልበትና ስጽፍ አመሻለሁ። ልቤ እያበጠ መሄዱን ግን አላየሁትም። እብጠት ሲጀምር አያምም ለካ።

ወደ ነገሩ ልግባ። በዚህ ዓመት መጀመሪያ አስተባባሪዋ አዲስ የመወያያ ሶፍትዌር አመጣች። የድሮው አንድ ረጅም ገጽ ነበር፤ ሁሉም ከሥር ከሥር እየጻፈበት የማን መልስ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። እንዲያውም አንዱ ነጥብ ላርም ብሎ የሦስት ቀን ክርክር ጠርጎ አጥፍቶታል። አዲሱ እያንዳንዱን ጉዳይ በራሱ ክፍል ያስቀምጠዋል። ሰው ስምሽን ከጠራ ደወል ይደውልልሻል። ድጋፉንም ራሱ ይቆጥራል። ሁሉም ሰው ከመግባቱ በፊት ግን መሞከር ነበረበትና አሥራ ሁለት ሞካሪዎች ተመረጥን። እኔን የመረጠችኝ፣ እርስዎ ከተረዱት ሁሉም ይረዳዋል ብላ ነው። አልተቀየምኩም።

ለእያንዳንዳችን አንድ ተጨማሪ ስም ተሰጠን። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በአንዱ ስም ትጽፊያለሽ፣ ከዚያ በሌላው ስም ገብተሽ መልእክቱ መድረሱን፣ ደወሉ መጮኹን ታያለሽ። ሁለተኛው ስም ለመለማመጃው ክፍል ብቻ ነው ተብለናል፤ በጽሑፍም በቃልም። በመጀመሪያው ቀን ራሴን ሰላም ብዬ፣ ለራሴ መልሼ፣ ደወሉ ሲጮኽ ማን ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። አስተባባሪዋ እስኪያማት ሳቀች። ጋሼ፣ ከራስዎ ጋር ተጣልተው እንዳያስቸግሩኝ አለችኝ። ለሁለተኛው ስም ምን ልበለው ብዬ ሳስብ የመጣልኝ ባለቤቴ ያወጣችልኝ ነው። ሰው ፊት አንድ ቃል ሳልተነፍስ ውዬ ቤት ስገባ ምላሴ ስለሚፈታ፣ ዝምተኛው መጣ እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ዝምተኛው ብዬ ጻፍኩት።

ከመለማመጃው ሌላ እውነተኛ ጉዳዮችም እዚያው እንዲታዩ ተወሰነ፤ በውሸት ወሬ ዕቃ አይፈተንም ተብሎ፤ ለእነዚህ ክፍሎች ሞካሪ ያልሆኑ ጸሐፊዎችም እንዲገቡ ተፈቀደ። እኔ ይዤ የቀረብኩት ዝናብ ወይም እርጥበት አግኝቶት ዝጎ የቆመ የድሮ መኪና እንዴት እንደሚላቀቅ ነው። ነጭ ጋዝ በየመገጣጠሚያው አፍስሶ ሁለት ቀን ማሳደር ነው ብዬ ጻፍኩ። የአባቴ መንገድ ነው፣ አርባ ዓመት ሠርቶበታል አልኩ። አንድ ሸሚዝ ሰፊ ወዲያው ደገፈኝ። እሱ ለማንም ልክ ነው የሚል ሰው ስለሆነ ድጋፉ ብዙም አይከብድም፤ ቢሆንም አንድ ተብሎ ተቆጠረ።

የተቃወሙኝ እማማ ኪስ ናቸው። ስለ ኪስ አሠራር ያለውን ምዕራፍ ብቻቸውን ስለጻፉት ነው እንዲህ የምንላቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሃምሳውን በስፌት ያሳለፉት። በአጭሩ ነው የሚጽፉት። «ልጄ፣ ነጭ ጋዝ ለመብራት ነው። መኪናዋ ላይ ካፈሰስከው አንገቷ ላይ የተሣለውን አበባ ይበላዋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ከበፊቱ ይብስ ያንቃታል። አባትህ እንዲህ አላደረጉም፤ አድርገውም ከሆነ ተሳስተዋል።» የመጨረሻዋ ቃል ናት የወጋችኝ። የቀረውን እንደገና አላነበብኩትም።

አሁን አንቺ ያለሽበት ቦታ ደረስን። በዚያው ሳምንት ስደውልልሽ፣ እንዲያው ወሬ ላነሳ ብዬ በማስመሰል አባዬ የዛገ መኪና እንዴት ነበር የሚያላቅቀው ብዬ ጠይቄሽ ነበር። አንቺ ምን እንዳልሽኝ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «አባዬማ ብረት ብረቱን ፈትቶ በጣሳ ነጭ ጋዝ ይነክረው ነበር። ገላዋ ላይማ ጠብ አያደርግም! ከዚያ ጠራርጎ ዘይት ሲያጠጣት ይውላል። ጣሳውን የምይዝለት እኔ አልነበርኩም እንዴ? አንተ ጋዙን ገዝተህ አምጥተህ ወደ ጨዋታህ ነበር።» ባልሽ ከወዲያ ሳቀ። እኔ እሺ እሺ ብዬ ስለ ጉልበትሽ ጠየቅሁሽ። ጉልበትሽን ያነሳሁት አሳስቦኝ አይደለም፤ ወሬውን ለማስለወጥ ነው። ለዚህም ይቅር በይኝ።

እውነት ነው፤ እኔ ያየሁት ጋዙ ሲመጣና መኪናው ከሁለት ቀን በኋላ ሲዞር ነው። መሐሉን ያየሽው አንቺ ነሽ። ስልኩን ስዘጋ እማማ ኪስ ልክ እንደሆኑ አውቄያለሁ። ተሳስቻለሁ ብዬ ሁለት መስመር መጻፍ ብቻ ነበር የቀረኝ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ብዙ ተቀመጥኩ። መምህር የሚሉኝን ሰዎች አሰብኩ። ጉዳዩን የአባቴ መንገድ ብዬ በትልቁ ከጻፍኩ በኋላ መልሼ መዋጡ ከበደኝ። ለአባቴ ክብር ነው የምከራከረው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ በሁለተኛው ስም ገባሁ።

ዝምተኛው ሆኜ የጻፍኩት ይህ ነው፤ ልደብቅሽ አልችልም። «እኔም በዚህ ሙያ አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። እማማን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ብዙ መኪና በነጭ ጋዝ አላቅቄ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። የካቻቢቴ ልጅ ያለው ትክክል ነው።» ትሕትናው ራሱ ውሸት ነበር። ሶፍትዌሩ ሁለተኛ ድጋፍ ብሎ ቆጠረ። ይቆጥራል እንጂ አያይም።

እማማ ኪስ በማግስቱ ተቃውሟቸውን አነሡ። ሁለት ሙያተኛ ካየው እኔ ምን እላለሁ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ያየሁትን ካላየሁት እያምታታሁ ይሆናል ብለው ጻፉ። ቀጥለውም የኪሱን ምዕራፍ ሌላ ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲመረምረው ለመኑ፤ እሱም ውስጥ ስህተት ይኖር ይሆናል ብለው። እትዬ፣ በዚያ ምዕራፍ ውስጥ አንዲት ስህተት የለችም። ስንቱ ወጣት በእሱ ሥራ ይዟል። ክፍሉ ተዘጋ፣ የእኔ ቃል መጽሐፉ ውስጥ ገባ። ማሸነፍ እንዲህ ጣዕም የሌለው ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስፌት ቤቱ ለምሳ ጸጥ ባለበት፣ ደወሉ ጮኸ። ለእኔ አይደለም፤ ለዝምተኛው ነው። ከፍቼ ሳየው እማማ ኪስ ናቸው። የራሳቸው መኪና ጣሪያ አፍስሶባት ቆማ ኖሮ፣ እኛ ባልነው መሠረት ነጭ ጋዝ አፍስሰውባት ነበር። ፎቶውንም ልከዋል። የአንገቷ የወርቅ አበባ ቀልጦ፣ ቡኒ ሆኖ ወደ ታች ወርዷል። የእጅ መዘውሯም ጭራሽ አልነቃነቅ ብላለች። አንድ የወቀሳ ቃል የለበትም። ወንድሜ ዝምተኛው፣ አንተ ረጋ ያልክ ሰው ትመስላለህና፣ የቱ ጋ እንዳጠፋሁ ንገረኝ፤ ምናልባት አንድ ነገር ረስቼ ይሆናል ነው የሚለው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ካውያ ተኳሿ ምነው ፊትህ አመድ መሰለ፣ ምሳህን አልበላህም እንዴ አለችኝ። በልቻለሁ አልኳት። ያም ውሸት ነበር።

መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰለሽ? ዝምተኛውን ማጥፋት። ስሙን ሰርዤ ብሄድ ማን ያውቃል አልኩ። ሰርዝ የሚለውን ስጫን ሶፍትዌሩ ጠየቀኝ፤ ስሙ ይጠፋል፣ የጻፈው ግን ባለበት ይቆያል፣ ይቀጥሉ ወይ አለኝ። ማሽን ነው፣ ምንም አያውቅም። እኔ ግን እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ። በማግስቱ ጠዋት ዳዊቴን ከፍቼ ቆምኩ፤ ቃሉ ከአፌ አልወጣም። ባለቤቴ በሞተች ጊዜ እንኳ ጸሎት አልተከለከለብኝም ነበር። በሐሰት መመስከር ምን እንደሆነ ከልጅነቴ የማውቅ ሰው፣ ለዚያውም ምስክሩን ራሴ ፈጥሬ፣ ለዚያውም እሷ በፍቅር በሰጠችኝ ስም።

ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። የኮምፒውተሩን ነገር ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ፤ ስለ ሁለቱ ስሞች፣ ስለ ክፍሎቹ፣ ስለ ደወሉ። እሳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ሴትዮዋ ሐሰት መሆኑን ያውቃሉ ወይ ብቻ አሉኝ። አያውቁም አልኳቸው። እንግዲህ ለእኔ የነገርከኝን ለእሳቸው ነግረህ ተመለስ፣ ከዚያ በፊት ንስሐ አልሰጥህም አሉኝ። ስወጣ ደግሞ ጠርተው፣ በአንደኛው ስምህ ነው ታዲያ አሉኝ። ለካ ገብቷቸዋል።

ቅዳሜ አስተባባሪዋን ከስፌት ቤቱ በራፍ ጠብቄ ነገርኳት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደችና፣ «ጋሼ፣ የሁሉንም ሞካሪ ሁለተኛ ስም ስከታተል ነበር። የእርስዎን አላየሁትም። እርስዎን ምን አያለሁ ብዬ ነው» አለችኝ። ብትጮኽብኝ ይሻል ነበር። ራስዎ ይጻፉት፣ እስከ ማክሰኞ ካልጻፉት እኔ ለመጻፍ እገደዳለሁ ብላኝ ሄደች።

ሰኞ ጻፍኩት፣ ሁሉም በሚያየው ክፍል። «ዝምተኛው የሚባል ሰው የለም። ዝምተኛው እኔ የካቻቢቴ ልጅ ነኝ። እማማ ኪስ ያሉት ልክ ነበር። ልክ መሆኑንም ከእህቴ አፍ ሰምቼ እያወቅሁ ነው የዋሸሁት። እማማ ኪስ፣ እርስዎ የረሱት ነገር የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ከዚህ ሌላ ብዙ ጽፌ ነበር፤ ስለ አባታችን፣ ስለ ብቸኝነቴ። ሳነበው ሁሉም ሰበብ ሆኖ ታየኝና ደመሰስኩት።

የመጣብኝን ልንገርሽ። አንዱ፣ የካቻቢቴ ልጅ እንዴት ነህ፣ ዝምተኛውስ ደህና ነው ወይ ብሎ ሰላምታ አቀረበልኝ። ሌላዋ ባለሁለት አፉ አለችኝና ስሙ ተለጥፎብኝ ቀረ። ሌላው በሁለት ዓመት የጻፍኩት ሁሉ እንደገና ይመርመር አለ፤ ልክ ነው፣ እየተመረመረ ነው። ሸሚዝ ሰፊው እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ነው ሳይል ቀረ። ከሞካሪነት ተነሳሁ። ስለ ነጭ ጋዝ የጻፍኩት ከመጽሐፉ ወጥቶ ክፍሉ እንደገና ተከፈተ። ይህን ሁሉ ተቀብያለሁ። ያስጨነቀኝ የእማማ ኪስ ዝምታ ነው። በየቀኑ ደወሉን እጠብቃለሁ፤ ሲጮኽ ሌላ ሰው ነው።

በስድስተኛው ቀን መጣ። አንድ መስመር ነው፣ ከሥሩ አድራሻ አለው። «የካቻቢቴ ልጅ፤ ካቻቢቴህን ይዘህ ና።»

በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ጣሳ፣ ነጭ ጋዝ፣ የመኪና ዘይት፣ ጨርቅና መሣሪያዬን ይዤ ሄድኩ። ቤታቸው በጠባብ መተላለፊያ መጨረሻ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳው በምስማር በተሰቀለ የወረቀት ንድፍ ተሸፍኗል፤ እጅጌ፣ አንገትጌ፣ ኪስ በየዓይነቱ። ከጣሪያው ሥር አንድ ባልዲ ተቀምጧል። ሴትዮዋ አጭር ናቸው፣ ከእኔ ደረት አይደርሱም። ጫማቸው ላይ ልወድቅ ስል በክርናቸው ገፋ አደረጉኝና፣ እሱን ኋላ፣ መጀመሪያ መኪናዋን አሉኝ።

አምስት ሰዓት ፈጀብኝ። አባታችን ያደርግ እንደነበረው፣ አንቺ እንደነገርሽኝ፣ ብረት ብረቱን እየፈታሁ በጣሳው ነከርኩት። እሳቸው ከአጠገቤ ተቀምጠው ቡሎኑን ሁሉ በነጭ ጨርቅ ላይ በተፈታበት ተራ እንደ ቁልፍ ይደረድሩታል። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። አንድም አልተምታታባቸውም። መልሼ ስገጥም እኔ ሁለቴ ተሳሳትኩ፤ ይህቺ ከዚያችኛዋ በፊት ናት እያሉ ያቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። በመሐል፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ እንዲህ አሉኝ። «እናንተ እዚያ ሶፍትዌራችሁን ስትሞክሩ እኔ እዚህ ጭንቅላቴን ስሞክር ሰነበትኩ። የልጆቼን ልደት እቆጥራለሁ። የድሮ ደንበኞቼን የወገብ ልክ አስታውሳለሁ። ደግሞ ያስታወስኩት ልክ መሆኑን ማን ይነግረኛል እላለሁ። ልጆቼ አንድ ነገር ሲጠይቁኝ እኔ እንጃ ማለት ጀምሬ ነበር።»

እትዬ፣ የተበላሸው መኪና ብቻ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ካቻቢቴውን ይዤ አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ። ቀጥል፣ ቀኑ መሽቷል አሉኝ።

መዘውሯ ዞረች። ከባድ ነበረች በመጀመሪያ፣ ዘይቱን ስትጠጣ ግን ለስልሳ ዞረች። እማማ ኪስ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አንስተው ትንሽ ኪስ ሰፉበት። ስፌቱን አገላብጠው ከመስኮቱ ብርሃን አዩት። ከዚያ ጣታቸውን በመኪናዋ አንገት ላይ፣ አበባው በነበረበት ቦታ፣ ወዲያና ወዲህ አመላለሱ። ይህስ አሉኝ። አይመለስም አልኳቸው። እሺ አሉ። ይቅር ብዬሃለሁም አላሉኝ፣ አልልህምም አላሉኝ። መሣሪያዬን ስሰበስብ ግን ዝምተኛው የሚለውን ስም ማን አወጣልህ ብለው ጠየቁኝ። ሟች ባለቤቴ ናት አልኳቸው። «እንግዲያ መልስላት» አሉኝ።

በአውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ይህንን ሳስብ መጣሁ። ራሴን ስመረምረው ለአባታችን ክብር ያልኩት ሐሰት ነው። አባታችን የሰው መኪና ባበላሸ ቀን ባለቤቱን ጠርቶ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ነገ ና ይል የነበረ ሰው ነው። የእሱን ስም አንግቼ እሱ የማያደርገውን አደረግሁ። ባለቤቴ ያወጣችልኝን ስም አንግቼ የሐሰት ምስክር ቆምኩ። የቀረሽኝ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ደግሞ የእውነት ቃል ነግረሽኝ ቃልሽን ደበቅሁት። እማማ ኪስን በድያለሁ፤ አንቺንም በድያለሁ። ይህን በላውድ እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ያ ክፍል እስካሁን ክፍት ነው። እማማ ኪስ አዲስ ሐሳብ አቅርበዋል፤ ብረቱን ፈትቶ በጣሳ መንከር፣ ጠርጎ ዘይት ማጠጣት። ሸሚዝ ሰፊው ደግፏቸዋል፤ አንድ ሰው ይቀራል። እኔ አልችልም፤ የእኔ ድጋፍ ለጊዜው እንዳይቆጠር ተወስኗል፣ መወሰኑም ተገቢ ነው። አባታችን ሲሠራ ጣሳውን ይዞ ያየ በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ። ልጅሽ ስልኳ ላይ ትክፈትልሽ፣ እየነገርሻትም ትጻፍልሽ። በራስሽ ስም ግቢ፤ ያየሽውን ብቻ ጻፊ። እኔን አትከላከዪ፣ ወንድሜ ደግ ሰው ነው አትበዪ። እኔ ከሥርሽ አንድ ቃል አልጨምርም። ባትጽፊም አልቀየምም፤ እንዲህ ያለ ወንድም ያለው ሰው በአደባባይ መውጣት ቢያፍር አይፈረድበትም።

ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለባልሽ፣ ያን ቀን በስልክ ሲስቅ በልቤ ተቀይሜው እንደነበርና እሱ የሳቀበት ግን ልክ እንደነበር ንገሪልኝ፤ ለሳሉም ቅዝቃዜ ይጠንቀቅ። ለልጅሽ፣ የላከችልኝን ፎቶ ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ በያት። ለአማችሽ፣ በሥራው እግዚአብሔር ይርዳው። ለልጅ ልጅሽ አንዲት ትንሽ ኪስ በዚህ ፖስታ ልኬላታለሁ፤ እማማ ኪስ ስወጣ በእጄ ያስያዙኝ ናት። ምን ብለው እንደሰጡኝ አላውቅም፣ አልጠየቅሁም፤ እኔ ጋ ልትቀመጥ ግን የሚገባት አልመሰለኝም። ለእናትና ለአባታችን መቃብር ስትሄጂ ስሜን አንሺልኝ። አንዱን ብቻ።

ጉልበትሽን ከልቤ ነው የምጠይቅሽ በዚህ ጊዜ። እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ፤ ሌላ ስም የለኝም።

ከሦስተኛ ፎቅ ክፍሌ፣ ከጠረጴዛው
እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን